አሶሳ፡ የጦር ሰፈር የነበረች ከተማ የምትጠይቀን

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከተላለፈ ንግግር ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

   

የዛሬውን ንግግራችንን ሩቅ ሳንሄድ ከአዲስ አበባ እንጀምር። የአዲስ አበባ ነዋሪዎች የሆናችሁ ሸጎሌን ታውቃላችሁ። የታክሲው ረዳት ጠዋት ማታ ስሙን ይጠራዋል። አውቶቡሶች ከዚያ ይነሳሉ፣ ነጋዴው ከዚያ ብረት ይገዛል። ግን «ሸጎሌ» ምን ማለት ነው ብለን የጠየቅን ስንቶቻችን ነን? ሸጎሌ የሰው ስም ነው። ሸህ ኾጀሌ የሚለው ስም በአዲስ አበባ ሰው አፍ እየተሳበ «ሸጎሌ» ሆነ። ሸህ ኾጀሌ አል-ሐሰን የቤኒሻንጉል ገዥ የነበሩ ሙስሊም ባላባት ናቸው። በዚያ ሰፈር ቤተ መንግሥት ሠርተው ነበርና ሰፈሩ በስማቸው ቀረ።

አሁን ደግሞ ወደ ሩቅ አገር እንሂድ። የኮንጎ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ በሆነችው በኪንሻሳ «አሶሳ» የሚባል ጎዳና አለ። «ሳዮ» የሚባልም አለ። «ጋምቤላ» የሚባል ትልቅ ገበያም አለ። የኪንሻሳ ነጋዴ በየቀኑ የእኛን ከተሞች ስም እየጠራ ይገዛል፣ ይሸጣል።

ውድ አድማጮቻችን፣ አንዲት የጠረፍ ከተማ በሁለት ዋና ከተሞች ላይ ስሟን ወይም የገዥዋን ስም እንዴት ልትተው ቻለች? ምላሹ አጭር ነው። አሶሳ ለረጅም ዘመን የጦር ሰፈር ነበረች። ሠራዊት እየመጣ ሰፍሮባታል፣ ሠራዊት እየተሸነፈ ወጥቶባታል። ዛሬ ይህን ታሪክ የምናነሳው ለጨዋታ አይደለም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ያልተከፈለ ዕዳ ስላለ ነው። ኢንሻአላህ እንደ ቅደም ተከተሉ እናየዋለን።

ወርቅና ድንበር

አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ወደ 670 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ስትሆን ከእርሷ ወደ ምዕራብ ሲወረድ ሙቀቱ የበረታ ቆላ ነው። ቆላው መጨረሻ ላይ ኩርሙክ አለች። ኩርሙክ ላይ ሱዳን ይጀምራል። ይህን አቀማመጥ በልባችን እንያዝ። ከሱዳን ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ለመግባት የፈለገ ጦር አሶሳን ሳይዝ ወደ ፊት መሄድ ያስቸግረዋል። ከኢትዮጵያ በኩል ድንበሩን ለመጠበቅ የፈለገም ሰው የሚያሰፍረው ነፋሻ አየር ያለው፣ ውኃ ያለው ከፍታ ቦታ ይኸው ነው። ከተማይቱን የጦር ሰፈር ያደረጋት በመጀመሪያ የቦታዋ ነገር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ወርቅ ነው። የበርታ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ወርቅ እያጠበ ያወጣ ነበር፣ ዛሬም ያወጣል። የግብጹ ገዥ ሙሐመድ ዐሊ ሱዳንን ከያዙ በኋላ ይህን ወርቅ ፍለጋ በስተርጅና እስከ ፋዙግሊ ድረስ ራሳቸው ተጉዘው ነበር። ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር 1838 እና 1839 ነው። ከወርቁ ጋር ነጋዴ መጣ፣ ከነጋዴው ጋር ፈቂህ መጣ። እስልምና በዚህ አገር የተስፋፋው ከሱዳን በመጡ ነጋዴዎችና የሃይማኖት መምህራን ነው። እነዚህ ሰዎች ከበርታ ሴቶች ጋር ተጋብተው ወለዱ፣ ከልጆቻቸውም መካከል ገዥዎች ወጡ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ሦስት ሸሆች አገሩን ተካፍለውት ነበር። በቤላ ሻንጉል ዐብዱራሕማን ኾጀሌ (በቅጽል ስማቸው ጦር አል-ጉሪ የሚባሉት)፣ በኾሞሻ ሙሐመድ ወድ ማሕሙድ፣ በአቆልዲ ማለትም በአሶሳ ሸህ ኾጀሌ አል-ሐሰን ነበሩ።

ያ ዘመን የማህዲስቶች ዘመን ነበር። የማህዲስቶች ጦር ወደ ወለጋ ዘልቆ በጥቅምት 1881 ዓ.ም. ጉቴ ዲሊ ላይ በራስ ጎበና ጦር ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ አፄ ምኒልክ ራስ መኮንንን ወደ ቤኒሻንጉል ላኩ፤ በ1890 ዓ.ም. አገሩ በኢትዮጵያ መንግሥት ሥር ገባ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው የድንበር ውል ቤኒሻንጉል በኢትዮጵያ በኩል መሆኑ ተረጋገጠ።

ሰዎች በወረቀት ላይ መስመር ሲያሰምሩ በመስመሩ ላይ ያለውን ቤት አያዩም። የበርታ ሕዝብ በዚያ ቀን ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወንድም ኢትዮጵያዊ፣ ሌላው ወንድም ሱዳናዊ ሆነ። ቋንቋቸው አንድ፣ መስጊዳቸው አንድ፣ ገበያቸው አንድ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መንግሥታት መካከል ጠብ በተነሳ ቁጥር የተኩሱ ድምፅ የሚሰማው በእነርሱ ጓሮ ነው።

የምናፍርበት ገጽ

ሸህ ኾጀሌ ከሌሎቹ ባላባቶች ጋር ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ታስረው ነበር። በኋላ ግን ከእስር ወጥተው በምኒልክ መንግሥት ዘንድ ተቀባይነት አገኙ፤ የአገሩ የበላይ ገዥም ሆኑ። ለመንግሥት ግብር በወርቅ ያስገቡ ነበር። እስከ ኢጣሊያ ወረራ ድረስ ገዝተው በ1930 ዓ.ም. ገደማ አረፉ። ለሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ሙስሊም ገዥ በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ተከብሮ ኖሯል ብለን ብንናገር እውነት ነው። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ እናቆማለን። ዛሬ ግን አናቆምም።

ግብሩ ወርቅ ብቻ አልነበረም። ሰውም ነበር። ከበርታው፣ ከማኦው፣ ከኮሞው፣ ከጉሙዙ ሰው እየታደነ ለባርነት ይሸጥ ነበር። አንዱ ገበያ ወደ ሱዳን፣ ሌላው ወደ መሐል ኢትዮጵያ ይወስድ ነበር። ሸህ ኾጀሌም ቤተሰባቸውም በዚህ ንግድ ውስጥ ነበሩ። ባለቤታቸው ሲት አምና በሱዳን ግዛት ተቀምጠው ይነግዱ ነበርና በ1920 ዓ.ም. ገደማ በእንግሊዝ ባለሥልጣናት ተይዘዋል። ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገብታ ነበር። በጠረፉ ግን ንግዱ ከዚያ በኋላም ቀጠለ። ባርነትን ፈጽሞ የሚከለክለው አዋጅ የወጣው ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነው።

አድማጮቻችን ሆይ፣ «እነዚህ ሰዎች የእኛ ሰዎች ናቸው፣ ገመናቸውን ለምን እናወጣለን?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ለእርሱ የምንመልስለት ይህን ነው። ሃይማኖታችን በራሳችንም ሆነ በዘመዶቻችን ላይ እንኳ ቢሆን ለፍትሕ ቆመን እንድንመሰክር ያዘናል። የተሸጠው ሰው ከሻጩ ባልተናነሰ የአላህ ፍጡር ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አዛን እንዲያሰማ የመረጡት ቢላልን ነው፤ ቢላል ደግሞ የሐበሻ ልጅ፣ ባሪያ የነበረ ሰው ነው። የቢላልን ስም በኩራት የምንጠራ ሰዎች በገዛ አገራችን እንደ ቢላል የተሸጡትን ከረሳን ኩራታችን ባዶ ነው። በዚያም ላይ ይህ ያለፈ ነገር ብቻ አይደለም። የቆዳው ቀለም የጠቆረውን ወንድም ዛሬም በዚያ በአሮጌው የባርነት ቃል የሚጠሩ አሉ። ከመስጊድ ወጥቶ፣ ጫማውን አጥልቆ፣ ያንን ቃል የሚናገርም አለ። አላህ ይጠብቀን።

ከኮንጎ የመጡ ወታደሮች

ወደ ኪንሻሳው ጎዳና እንመለስ። ኢጣሊያ አገራችንን ከወረረች በኋላ አሶሳን የጦር ሰፈር አደረገቻት። በ1932 ዓ.ም. ክረምት ኢጣሊያ ከእንግሊዝ ጋር ወደ ጦርነት ስትገባ ድንበር ተሻግራ ኩርሙክን ያዘች። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ግን ኩርሙክ ከእጇ ወጣ። ከዚያ አሶሳ ተራዋ ደረሰ።

አሶሳን የያዙት እነማን ናቸው? ብዙዎቻችን እንግሊዞች ናቸው ብለን እንገምት ይሆናል። መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. አሶሳ የገባው በቤልጂግ መኮንኖች የሚመራ የኮንጎ ጦር ነው። ቤልጂግ ራሷ በዚያን ጊዜ በጀርመን ተይዛለች። ቅኝ ግዛቷ ኮንጎ ግን ወታደሮችን ላከች። እነዚህ ሰዎች ከአፍሪካ መሐል ተነስተው በወንዝ በጀልባ፣ በየብስ በመኪና፣ በእግርም ሱዳንን አቋርጠው ደረሱ። አሶሳን ያዙ፤ በዚያው ወር አጋማሽ ጋምቤላን ያዙ። በመጨረሻም ዛሬ ደምቢ ዶሎ በምንላት በሳዮ ጄኔራል ጋዜራን ከበው ሰኔ 26 ቀን 1933 ዓ.ም. እጁን እንዲሰጥ አደረጉት። ከእርሱ ጋር ሌሎች ጄኔራሎችም ተማረኩ።

ይህን ከምናውቀው ታሪክ ጋር እናስተያየው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኡም ኢድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ደረሱ። የድል በዓላችን ያን ቀን ነው። በምዕራቡ አገራችን ግን ጦርነቱ ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል ቀጥሏል። የኮንጎ ልጆች በክረምቱ ዝናብ፣ ስንቅ አጥሯቸው፣ በሽታ እየጣላቸው ሲዋጉ አዲስ አበባ ሰንደቋን ሰቅላ ነበር።

ልብ በሉ። እነዚህ ወታደሮች በአገራቸው ነጻነት አልነበራቸውም። የሰው አገር ነጻ ለማውጣት በቅኝ ገዥ አለቃ ትእዛዝ ዘመቱ። የራሳቸው አገር ነጻ የወጣችው ከ19 ዓመት በኋላ ነው። ያኔም ኮንጎ ስትታመስ ኢትዮጵያ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ወታደሮቿን ወደዚያ ላከች። የጠቅል ብርጌድ ዘማቾች ኮንጎ ሲገቡ የኮንጎ ሰው ከ20 ዓመት በፊት አሶሳ መጥቶ እንደነበር ስንቶቹ ያውቁ ይሆን? ኪንሻሳ የአሶሳን ስም በጎዳናዋ ላይ ጽፋለች። እኛ ግን ለእነርሱ ምን ጻፍንላቸው? ውለታ የማያመሰግን ሰው አላህንም አያመሰግንም ብለው የሚያስተምሩን ዑለማዎቻችን ናቸው። ይህ አንዱ ያልተከፈለ ዕዳ ነው።

ቁጥር የተሰጣቸው መንደሮች

በአሶሳ ዙሪያ የሄደ ሰው አንድ ነገር ያስገርመዋል። የመንደሮቹ ስም ቁጥር ነው። «አምባ» ይሉና ቁጥር ያስከትላሉ፤ «መገሌ» ይሉና ቁጥር ያስከትላሉ። ሰው የተወለደበትን አገር ሲጠየቅ ቁጥር ይናገራል።

ይህ የሰፈራው ዘመን አሻራ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ጊዜ የደርግ መንግሥት ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜንና ከመሐል አገር እያነሳ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። አሶሳ ከትልልቆቹ የሰፈራ ጣቢያዎች አንዷ ነበረች። ከወሎ ከመጡት መካከል ብዙ ሙስሊሞች አሉ። ረሀብ ያደከመው ሰው ወደማያውቀው ቆላ ወረደ። ወባ ጠበቀው። አንዳንዱ በፈቃዱ፣ አንዳንዱ በግድ ነው የመጣው። ባልና ሚስት የተለያዩበት፣ እናትና ልጅ የተጠፋፉበት ጊዜ ነበር።

የአገሩ ባለቤት በርታውስ? መሬቱ ዝም ብሎ ባዶ የተቀመጠ ይመስላቸው የነበሩ ባለሥልጣናት አሉ። ለበርታው ግን ያ ዛፍ የማር ዛፉ ነው፤ ያ ሜዳ የሚያሳርፈው እርሻው ነው። ያም ሆኖ ሰፋሪውን ሲያይ የራበውን ሰው አየ። ሰፋሪውም የበርታውን መንደር ሲያይ አዛን ሰማ። ቋንቋ ሳይግባቡ በአንድ ሶፍ ቆመው የሰገዱ ሰዎች ናቸው። ግን መሬትን የሚመለከት ቅሬታ በሶላት ብቻ አይፈታም። ፍትሐዊ አስተዳደር ይፈልጋል። ያ ስላልነበረ ቅሬታው እየቆየ ቁስል ሆነ።

ሁለት መንግሥታት ሲጎዳዱ

በ1980 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረት አሶሳ ራሷን የቻለች የአስተዳደር አካባቢ ሆነች። የዚያ ዘመን አሶሳ ግን ከምንም ይልቅ የጦር ሰፈር ነበረች። ምክንያቱን በቀላሉ እንግለጸው። ካርቱም ያለው መንግሥት የኢትዮጵያን መንግሥት የሚወጉ ድርጅቶችን ይረዳ ነበር። አዲስ አበባ ያለው መንግሥት ደግሞ በጆን ጋራንግ የሚመራውን የደቡብ ሱዳን ሠራዊት ይረዳ ነበር። ሁለቱም «ጠላቴ የእኔን ጠላት ከረዳ እኔም የእርሱን ጠላት እረዳለሁ» የሚል ሒሳብ ይዘው ነበር።

በኅዳር 1980 ዓ.ም. የጋራንግ ሠራዊት ከኢትዮጵያ በኩል ተነስቶ ኩርሙክን ያዘ። የሱዳን መንግሥት ከአንድ ወር በኋላ አስመለሳት። በ1982 ዓ.ም. መጀመሪያ እንደገና ተያዘች። ከዚያ የመልሱ ተራ ደረሰ። በዚያው ዓመት በጥር ወር ገደማ የኦነግ ተዋጊዎች ከሻዕቢያ ጦር ጋር ሆነው ከሱዳን በኩል ተሻግረው አሶሳን ለአጭር ጊዜ ያዙ። ከተማይቱ በከባድ መሣሪያ ተናወጠች። ወታደሩ ብቻ ሳይሆን ሰፋሪውም፣ ነባሩም፣ ስደተኛውም ሞተ፣ ተሰደደ።

የአንዱን ሕዝብ ነገር ብቻ እንናገር። ኡዱክ የሚባሉ የሱዳን ሕዝቦች አሉ። በ1979 ዓ.ም. አገራቸው ሲቃጠል ወደ አሶሳ ተሰደው ጾሬ በሚባለው ካምፕ ተጠለሉ። አሶሳ ስትወጋ ካምፑም ተቃጠለና በእግራቸው ወደ ደቡብ ሸሹ። ከብዙ እንግልት በኋላ ጋምቤላ ኢታንግ ደረሱ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ኢታንግ ባዶ ሆነ፤ ወደ ሱዳን ናስር ሄዱ። እዚያም ጦርነት ስለጠበቃቸው እንደገና ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ፤ በመጨረሻ በ1985 ዓ.ም. ገደማ ቦንጋ በሚባለው የጋምቤላ ካምፕ አረፉ። አንድ ሕፃን በስደት ተወልዶ በስደት መራመድ ጀምሮ ሰባት ዓመት ሳይሞላው አራትና አምስት ጊዜ ተሰደደ ማለት ነው። የጦር ሰፈር አጠገብ የተሠራ የስደተኛ ካምፕ መጠለያ አይሆንም። ይህን ያስተማረችን አሶሳ ናት።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ

ደርግ ከወደቀ በኋላ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ተመሠረተ፤ አሶሳ ርእሰ ከተማው ሆነች። የክልሉ ሕገ መንግሥት በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን የክልሉ ባለቤት ሕዝቦች አድርጎ ይጠራል። ለዘመናት በሌላው ሲገዙና ሲሸጡ ለኖሩ ሕዝቦች በራሳቸው ስም መጠራት ታላቅ ነገር ነው። ሰፋሪው ደግሞ «እኔስ የማን ነኝ?» ብሎ ጠየቀ። በ1992 ዓ.ም. ምርጫ የአካባቢውን ቋንቋ አታውቁም ተብለው ከዕጩነት የተሰረዙ ሰዎች ጉዳይ እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደርሶ በ1995 ዓ.ም. ነው ውሳኔ ያገኘው። ጥያቄውን በጠመንጃ ሳይሆን በማመልከቻ ማንሳታቸው የሚመሰገን ነው።

የጠረፉ ሒሳብ ግን አልተዘጋም። በሰኔ 1987 ዓ.ም. በግብጹ ፕሬዚዳንት ላይ በአዲስ አበባ ከተደረገው የግድያ ሙከራ በኋላ ከካርቱም ጋር ያለው ግንኙነት ተበላሸ። በጥር 1989 ዓ.ም. የጋራንግ ሠራዊት በኢትዮጵያ ድጋፍ ኩርሙክንና ቀይሳንን እንደገና ያዘ። መንግሥት ተለወጠ፣ አሠራሩ ግን ያው ሆነ። ኩርሙክ በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ መወረሯን ልብ በሉ። በዚያው ዓመት የሸርቆሌ የስደተኞች ካምፕ ተከፈተ። በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ የሱዳን ብሉ ናይል ግዛት እንደገና በጦርነት ሲቃጠል ባምባሲና ቶንጎም ካምፕ ሆኑ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የካርቱም ሰው ራሱ፣ መምህሩ፣ ሐኪሙ፣ ነጋዴው፣ በኩርሙክ በኩል ሻንጣ ይዞ እየገባ ነው።

በአገራችንም ውስጥ ያየነው ቀላል አይደለም። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በራሷ በአሶሳ ከተማ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ተነስቶ ሰው ሞቷል። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን ቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ100 የሚበልጡ ሰዎች በአንድ ቀን ተገድለዋል። አብዛኞቹ ገበሬዎች ነበሩ፤ ሕፃናትም ነበሩባቸው። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ይህ ሁሉ በዚያው ክልል ነው፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጉባ የተሠራውም በዚያው ክልል ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። አገራችን መብራት የምትጠብቀው ከዚህ አገር ነው። ብርሃን የምንቀዳበትን ቤት ጨለማ ውስጥ ልንተወው አይገባም።

ምን እናድርግ?

ውድ አድማጮቻችን፣ በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ አሶሳ ከተማ ከ24 ሺህ ጥቂት ከፍ የሚል ሕዝብ ነበራት። የክልሉ ሕዝብ 784,345 ሲሆን ከመቶ 45 ያህሉ ሙስሊም ነው። ስለዚህ የዚህ አገር ጉዳይ ለሙስሊሙ ማኅበረሰብ የሩቅ ዘመድ ጉዳይ አይደለም። ሌላው ከመቶ 55 ደግሞ ጎረቤታችን ነው፤ የጎረቤት ሐቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሁላችንም ተምረናል። ከዚህ ታሪክ አራት ነገር ይዘን እንውጣ።

አንደኛ፣ እንጻፍ። በ1933 ዓ.ም. ሕፃን የነበሩ የአሶሳ አዛውንቶች ዛሬ ጥቂት ናቸው። በ1982 ዓ.ም. የሆነውን በዓይናቸው ያዩት ግን በየቤቱ አሉ። በርታው የራሱን፣ ሰፋሪው የራሱን፣ ወታደር የነበረው የራሱን ይንገር። የየመስጊዱ ወጣቶች ደብተርና መቅረጫ ይዘው አባቶችንና እናቶችን ይጠይቁ። በተለይ እናቶችን። ጄኔራሎቹ ስማቸው በመጽሐፍ ተጽፏል፤ በካምፑ ቃጠሎ የሞተው ሕፃን ስም ግን ያለው በእናቱ አፍ ብቻ ነው። እርሷ ስትሞት አብሮ ይቀበራል። የሙታንን ስም መጠበቅ አማና ነው።

ሁለተኛ፣ እውነቱን ሙሉውን እንናገር። ሸህ ኾጀሌን ስናነሳ ቤተ መንግሥታቸውን ብቻ ሳይሆን የተሸጡትንም እናንሳ። ሸጎሌን ስንሻገር በዚያ ስም ውስጥ ወርቅም፣ ክብርም፣ እንባም እንዳለ እናስታውስ። ልጆቻችንም ያንን አሮጌ ቃል ከአፋቸው እንዲያወጡ እናስተምራቸው። ይህ በጀት አይጠይቅም። ዛሬ ማታ በቤታችን ልንጀምረው እንችላለን።

ሦስተኛ፣ ለስደተኛው እጃችንን እንዘርጋ። የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ባሕር ተሻግረው ሲመጡ የሐበሻው ነጃሺ «ከየት ወገን ናችሁ?» ብሎ በር አልዘጋም። ሃይማኖታቸው ከሃይማኖቱ የተለየ ነበር፣ ግን ተበድለው መጡና አስጠለላቸው። ዛሬ በኩርሙክ በኩል የሚገባው ሱዳናዊ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ ኡዱክም ይሁን ዐረብ፣ ያው ሐቅ አለው። ካምፑ ከድንበርና ከጦር ሰፈር ርቆ እንዲሠራ፣ በካምፑ ውስጥ መሣሪያ እንዳይገባ መጠየቅም ከእርዳታው የሚቆጠር ነው። በ1982 ዓ.ም. የሆነው እንዳይደገም።

አራተኛ፣ ጠመንጃን እንፍራ። አሶሳ ላይ የሰፈረ ሠራዊት ሁሉ «ላድናችሁ መጣሁ» ብሎ ነው የመጣው። አንዳንዱ በእርግጥ ነጻ አውጥቷታል፤ ይህን አንክድም። ግን ሠራዊቱ ሲሄድ የሚቀረው ያው በርታው፣ ያው ጉሙዙ፣ ያው ሰፋሪው፣ ያው ነጋዴው ነው። ነገ በአንድ ገበያ የሚገናኙት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ወሬ ሲመጣ ሳናጣራ አናዛምት። «የእነ እገሌ ልጆች እንዲህ አደረጉ» የሚል ቃል ከአንድ ጥይት ይልቅ ብዙ ሰው ገድሏል። ሽማግሌዎቻችን፣ ኢማሞቻችን፣ ከቀሳውስቱም ጋር ሆነው ጠቡ ሳይነሳ በፊት ይገናኙ እንጂ ከቀብር በኋላ ብቻ አይገናኙ።

ውድ አድማጮቻችን፣ ለዛሬ የተመደበልን ሰዓት አልቋል። ነገ ጠዋት ረዳቱ «ሸጎሌ!» ብሎ ሲጣራ ስትሰሙ፣ ወደ ምዕራብ ርቃ ያለችውን ያችን ከተማ አስቧት። ለሞቱባት ዱዓ አድርጉ፤ ከኮንጎ መጥተው በአፈሯ የተቀበሩትንም አትርሱ።

አላህ አሶሳን ከተማ እንጂ የጦር ሰፈር አያድርጋት። የበርታውን፣ የጉሙዙን፣ የሺናሻውን፣ የማኦውን፣ የኮሞውን፣ ከእነርሱም ጋር የሚኖረውን ሁሉ ልብ ያግባባ። የሱዳን ወንድሞቻችንን ሰላም ይስጥልን፣ ወደ ቤታቸውም ይመልስልን። የተበደሉትን ይካስ፣ እኛንም እውነት ከመደበቅ ይጠብቀን። አሚን።